ቪዲዮና ድምፅ በብራውዘር ውስጥ ወደኋላ የማይጫወቱት ለምንድን ነው?

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1896 ሲኒማ ገና በተወለደ ሰሞን፣ የፈረንሳዮቹ የሉሚየር ወንድማማቾች ሠራተኞች አንድ ግንብ ሲያፈርሱ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠርተው ነበር። ፊልሙን እንደተቀረጸው ካሳዩ በኋላ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስኬዱት። የፈረሰው ግንብ ከአቧራው ውስጥ ብድግ ብሎ ቆመ። ለዚህ ምንም የተራቀቀ ነገር አላስፈለገም። በፊልሙ ላይ ያሉት ፎቶግራፎች እያንዳንዳቸው ሙሉ ስለሆኑ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያልፉ ይታያሉ። በቴፕ የተቀዳ ድምፅም ቴፑ በተቃራኒው ከሄደ ከኋላ ወደፊት ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ ከ125 ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ያለ ችግር ያጫውታል። ሆኖም በክሮም ወይም በፋየርፎክስ የተከፈተን ቪዲዮ “ወደኋላ ተጫወት” ብለን ብናዘው እሺ አይልም። ታዲያ የ1896ቱ ፊልም የቻለውን የዛሬው ብራውዘር እንዴት አቃተው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ መመለስና በዚህ ላይ ተመርኩዞ ፕሮጀክት ለሚሠራ ተማሪ መፍትሔ ማመላከት ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ወደኋላ መዝለልና ወደኋላ ማጫወት የተለያዩ ናቸው። በዩቲዩብ ላይ የጄን ቁልፍ ስንጫን ቪዲዮው 10 ሰከንድ ወደኋላ ይመለስና እንደገና ወደፊት መጫወቱን ይቀጥላል። ይሄ መዝለል ነው። እኛ የምንነጋገረው ምስሎቹ አንድ በአንድ፣ በተፈጥሯዊ ፍጥነታቸው፣ ከኋላ ወደፊት ስለሚታዩበት ሁኔታ ነው።

ለመሆኑ ይሄ ነገር ለማን ይጠቅማል? የምልክት ቋንቋ የሚማር ሰው እጅ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ለማየት እንቅስቃሴውን ወደፊትም ወደኋላም ማስኬድ ይፈልጋል። የስፖርት አሠልጣኝ ዝላዩ የተበላሸበትን ቅጽበት ፈልጎ ከዚያ ወደኋላ እየሄደ መነሻውን ያጣራል። የፊዚክስ መምህር ደግሞ የሚወዛወዝ ፔንዱለምንና የሚሰበር ብርጭቆን ወደኋላ እያጫወተ፣ የመጀመሪያው ሲገለበጥ እንደማይታወቅ፣ ሁለተኛው ግን ወዲያው እንደሚታወቅ ያሳያል። ስለዚህ ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ አይደለም።

መስፈርቱ ምን ይላል?

የሚገርመው ነገር፣ የድረ ገጽ ቋንቋ የሆነው ኤችቲኤምኤል ይህንን አገልግሎት ከጻፈው ቆይቷል። የቪዲዮና የድምፅ ኤለመንቶች “ፕሌይባክ ሬት” የሚባል ባሕርይ አላቸው። ዋጋው 1 ሲሆን ፍጥነቱ የተለመደው ነው፤ 2 ሲሆን እጥፍ፣ 0.5 ሲሆን ግማሽ ይሆናል። መስፈርቱ ዋጋው ከዜሮ በታች ከሆነ የማጫወቻው አቅጣጫ ወደኋላ ነው ይላል። ይኸው ነው፤ አንድ የመቀነስ ምልክት ብቻ። መስፈርቱ በዚህም ሳያበቃ፣ በዚህ አቅጣጫ ሲጫወት ድምፁ እንዲጠፋ ያዛል። ቪዲዮው ወደኋላ ሲሄድ መጀመሪያው ላይ ቢደርስ ምን እንደሚደረግም ሳይቀር ተጽፏል።

ነገር ግን ያው መስፈርት ሌላ በርም ከፍቷል። ብራውዘሩ የተሰጠውን ዋጋ የማይደግፍ ከሆነ “አይደገፍም” የሚል ስሕተት መልሶ ዝም ማለት ይችላል። አብዛኞቹ የወጡት በዚህ በር ነው። ክሮም ከዜሮ ሌላ የሚቀበለው ከ0.0625 እስከ 16 ያለውን ብቻ ነው፤ ማለትም ከአሥራ ስድስተኛ ፍጥነት እስከ አሥራ ስድስት እጥፍ። ፋየርፎክስም ከዜሮ በታች ያለውን ዋጋ አይቀበልም። የአፕል ሳፋሪ ግን ይቀበላል፤ ቪዲዮውም ወደኋላ ይጫወታል።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሕጉን የጣሰ የለም። ሁሉም መስፈርቱን አክብረዋል፤ ሆኖም አንድ ዓይነት ገጽ በአንዱ ስልክ ላይ ሲሠራ በሌላው ላይ ስሕተት ይመልሳል። በማክ ኮምፒውተር ላይ ፕሮጀክቱን ሠርቶ የጨረሰ ተማሪ፣ መምህሩ በአንድሮይድ ስልክ በክሮም ሲከፍቱት ቁልፉ አልሠራ ሊል ይችላል። ጥፋቱን በራሱ ኮድ ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም።

ችግሩ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው

ብራውዘሮቹ ሰንፈው ነው ማለት ይቀላል፤ ትክክል ግን አይሆንም። ዋናው ምክንያት ቪዲዮ የሚታመቅበት መንገድ ነው።

1920 በ1080 የሆነ አንድ ምስል፣ የቀለም መረጃው እንደተለመደው ተቀንሶ እንኳ 3,110,400 ባይት ይይዛል። በሰከንድ 25 ምስል ከሆነ በሰከንድ 78 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው። ይህንን በኢንተርኔት መላክ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ እንደ ኤች.264 ያሉት የማመቂያ ዘዴዎች አንድ ቀላል ሐሳብ ይጠቀማሉ፦ ተከታታይ ምስሎች ስለሚመሳሰሉ፣ የተለወጠውን ብቻ መጻፍ።

ይህንን በጥቁር ሰሌዳ እንመስለው። መምህሩ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሰሌዳውን ሞልተው ይጽፋሉ፤ አንድ ተማሪ ሙሉውን ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ መምህሩ ትንሽ እያጠፉ ሌላ ሲተኩ፣ ተማሪው ሰሌዳውን በሙሉ ከመገልበጥ ይልቅ “ሦስተኛው መስመር ጠፍቶ ይሄ ተጻፈ”፣ “ሥዕሉ ወደ ቀኝ ተጠጋ” እያለ ለውጡን ብቻ ይይዛል። ደብተር ይቆጥባል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በቅደም ተከተል ለሚያነብም ምንም አይጎድልም።

አሁን ግን ከመጨረሻው ተነስተን ወደኋላ እንሂድ። “ሦስተኛው መስመር ጠፍቶ ይሄ ተጻፈ” የሚለው ማስታወሻ ምን እንደተጻፈ ይነግረናል እንጂ ምን እንደጠፋ አይነግረንም። የጠፋውን ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ሙሉ ግልባጭ ተመልሶ ከዚያ እየተከተሉ መምጣት።

በቪዲዮ ቋንቋ ያ ሙሉ ግልባጭ ቁልፍ ፍሬም ይባላል። ለውጡን ብቻ የሚይዙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከእሱ በፊት ከተፈቱት ምስሎች ላይ ይመሠረታል። ሌላው ደግሞ ከፊቱም ከኋላውም ካሉ ምስሎች ይበደራል፤ በዚህም የተነሳ ምስሎቹ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጡበት ቅደም ተከተልና የሚታዩበት ቅደም ተከተል አንድ አይሆንም። ከአንድ ቁልፍ ፍሬም እስከ ቀጣዩ ያለውን ጭፍራ “ቡድን” እንበለው። ቡድኑ ከራሱ መጀመሪያ ተነስቶ ወደፊት ብቻ የሚፈታ ነው። የጊዜ ቀስት ፋይሉ ውስጥ ተቀብሯል ማለት ይቻላል።

የቡድኑ ርዝመትም ወሳኝ ነው። በዲቪዲ ላይ አውሮፓና አብዛኛው አፍሪካ በሚጠቀሙበት የፓል ሥርዓት አንድ ቡድን ከ15 ምስል አይበልጥም፤ ይህም 0.6 ሰከንድ ነው። የዲቪዲ ማጫወቻ ወደኋላ በፍጥነት ሲሄድ እየዘለለ የሚያሳየን ቁልፍ ፍሬሞቹን ነው። የታወቀው ኤክስ264 የተባለ የማመቂያ ፕሮግራም ግን ካልነገሩት በስተቀር ቡድኑን እስከ 250 ምስል ድረስ ያስረዝመዋል። ይሄ በሰከንድ 25 ምስል ስንል 10 ሰከንድ ነው። ቡድኑ ሲረዝም ፋይሉ ያንሳል፤ ወደኋላ መሄዱ ግን ይከብዳል።

ሂሳቡን እንሥራው

250 ምስል ያለውን አንድ ቡድን ወደኋላ ማሳየት እንፈልጋለን እንበል። ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ሁሉንም ፈትቶ ሜሞሪ ውስጥ ማስቀመጥና ከኋላ ጀምሮ ማሳየት ነው። የሚፈቱት ምስሎች 250 ብቻ ናቸው፤ ሥራው አልበዛም። ሜሞሪው ግን 250 ጊዜ 3,110,400፣ ማለትም 777.6 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ለ10 ሰከንድ ቪዲዮ! ምስሉ ፎርኬ ከሆነ ደግሞ አራት እጥፍ ነው፤ ከ3 ቢሊዮን ባይት ያልፋል። ይህንን ርካሽ ስልክ አይችለውም።

ሁለተኛው ምንም አለማስቀመጥ ነው። 250ኛውን ለማሳየት ከ1 እስከ 250 መፍታት፣ 249ኛውን ለማሳየት እንደገና ከ1 እስከ 249 መፍታት፣ እንዲህ እያሉ መውረድ። ድምሩ 31,375 ይሆናል። 250 ምስል ለማሳየት 31,375 ጊዜ መፍታት ማለት ለአንድ ምስል በአማካይ 125 ጊዜ ተኩል ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሞክረው ዘዴ፣ ማለትም በየ40 ሚሊሰከንዱ ከቪዲዮው የአሁን ጊዜ ላይ 0.04 እየቀነሱ መሄድ፣ በተግባር ወደዚህ ይወስደናል። ቪዲዮው የሚንተባተበው ለዚህ ነው። አንዱ ፍለጋ ሳያልቅ ሌላው ትዕዛዝ ይደርሳል።

ሦስተኛው መካከለኛው ነው። ቡድኑን 25፣ 25 ምስል ባላቸው 10 ክፍሎች እንከፍለዋለን። መጀመሪያ ከ1 እስከ 250 እንፈታና የመጨረሻዎቹን 25 ብቻ አስቀርተን እናሳያለን። ቀጥሎ ከ1 እስከ 225 ፈትተን የመጨረሻዎቹን 25 እናስቀራለን። እንዲህ ስንል የሚፈታው ድምር 1,375፣ ሜሞሪው ደግሞ 77.8 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይሆናል። ሥራው ከመጀመሪያው መንገድ አምስት እጥፍ ተኩል ቢሆንም ከሁለተኛው ጋር አይወዳደርም፤ ሜሞሪው ደግሞ አንድ አሥረኛ ሆነ። እርግጥ በጣም በሚከብደው ሰከንድ ላይ 250 ምስል መፍታት ያስፈልጋል። ጥሩ ኮምፒውተር ይችለዋል፤ ስልክ ግን ባትሪው ያልቃል፣ ይሞቃልም።

ከሂሳቡ እንደምንረዳው ወደኋላ ማጫወት የማይቻል አይደለም። ዋጋ ያስከፍላል እንጂ። ዋጋውም በሜሞሪ ወይም በሥራ ብዛት ይከፈላል። ከዚህ በተጨማሪ የኢንተርኔት ጉዳይ አለ። ብራውዘር ፋይሉን ቀድሞ የሚያወርደው ወደፊት ነው፤ ያለፈውን ክፍልም ሜሞሪ ሲጠበው ሊጥለው ይችላል። ወደኋላ ስንሄድ የተጣለውን እንደገና ማውረድ ግድ ይሆናል። በሜጋባይት ተቆጥሮ የሚሸጥ ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ድምፅስ?

በድምፅ በኩል ነገሩ ይቀላል። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙና አለው። ናሙና ማለት ተራ ቁጥር ነው። የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል መገልበጥ በቃ፤ ድምፁ ከኋላ ወደፊት ይሰማል።

እርግጥ ድምፅም ይታመቃል። ኤኤሲ በሚባለው ዘዴ 1,024 ናሙና፣ በኤምፒስሪ ደግሞ 1,152 ናሙና በአንድ ጥቅል ይታሰራል። ጥቅሎቹ ጫፍና ጫፋቸው ስለሚደራረብ የተጠቀለሉትን እንዳሉ አገላብጦ መስጠት አያዋጣም። መጀመሪያ ወደፊት መፍታት፣ ከዚያ ናሙናዎቹን መገልበጥ ያስፈልጋል። ይሁንና አንድ የኤኤሲ ጥቅል ከ25 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው፤ የሚፈልገውም ከጎኑ ያለውን ጥቅል ብቻ እንጂ የ10 ሰከንድ ታሪክ አይደለም። ስለዚህ ድምፁን በአንድ አንድ ሰከንድ ቆርጦ እየፈቱ መገልበጥ ለማንኛውም ስልክ ቀላል ሥራ ነው።

በድረ ገጽ ላይ ይህንን የሚያስችለው ዌብ ኦዲዮ የተባለው መሣሪያ ነው። የድምፅ ፋይሉን በሙሉ ፈትቶ የቁጥር ድርድር ይሰጠናል፤ ድርድሩን በአንድ ትዕዛዝ እንገለብጠዋለን። ጥንቃቄ የሚያሻው በርዝመቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ናሙና 4 ባይት ስለሚይዝ የ5 ደቂቃ ስቴሪዮ ዘፈን ወደ 106 ሚሊዮን ባይት፣ የአንድ ሰዓት ሌክቸር ደግሞ ወደ 1.27 ቢሊዮን ባይት ይሆናል። ለዘፈን ይበቃል፤ ለሌክቸር ግን ከፋፍሎ መሥራት የግድ ነው።

የተገለበጠ ድምፅ ምን ይመስላል? ክራር ሲመታ ድምፁ ወዲያው ጎልቶ ይወጣና ቀስ እያለ ይሞታል። ሲገለበጥ ከምንም ተነስቶ እያደገ ይመጣና ድንገት ቁርጥ ይላል፤ ከበሮም እንዲሁ። ማሲንቆ ግን በደጋን ስለሚገዘገዝ ድምፁ ሳይሞት ይቆያል፤ ስለዚህ ቢገለበጥ ለውጡ ያን ያህል ጎልቶ አይሰማም።

ንግግር ላይ ደግሞ ፊደላችን ያሳስተናል። “ሰላም” የሚለውን በፊደል ከገለበጥነው “ምላሰ” ይሆናል። የተቀዳውን ድምፅ ከገለበጥነው ግን የሚሰማው ወደ “ማለስ” የቀረበ ነው። ምክንያቱም “ሰ” እና “ላ” እያንዳንዳቸው ተነባቢና አናባቢ የያዙ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ፊደል አያውቅም፣ የሚገለብጠው ድምፁን ነው። እንደ “ጠ” ያሉት ድምፆች ላይ ለውጡ የባሰ ነው። ስንናገር አየሩ ታፍኖ ይቆይና ይፈነዳል፣ አናባቢው ይከተላል። ሲገለበጥ አናባቢው ይቀድማል፣ ፍንዳታው ይመጣል፣ ከዚያ ዝምታ። የሥነ ድምፅ ትምህርት ለሚወስድ ተማሪ ይሄ ጆሮ የሚከፍት ሙከራ ነው።

ከዚህ አንጻር መስፈርቱ ወደኋላ ሲጫወት ድምፁ ይጥፋ ማለቱ ጥያቄ ያስነሳል። ለአብዛኛው ተመልካች የተገለበጠ ንግግር ጫጫታ ነው፤ ማጥፋቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በቴክኒክ በኩል ቀላል የሆነውን ነገር ለሁሉም ሰው በግድ ከመዝጋት፣ ምርጫውን ለገጹ ሠሪ መተው ይሻል ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ብራውዘሩን እንጠይቀው። ፍጥነቱን -1 አድርገን እንሞክርና ስሕተት ቢመለስ እንያዘው። ካልተመለሰ በብራውዘሩ በራሱ እንጠቀም፤ ከተመለሰ ግን ከሚከተሉት አንዱን እንምረጥ።

1. የተገለበጠ ቅጂ ቀድሞ ማዘጋጀት። ኤፍኤፍምፔግ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ምስሉንም ድምፁንም የሚገለብጡ ማጣሪያዎች አሉት። ከዚያ ቁልፉ ሲጫን ፋይሉን መቀየር ነው። የቪዲዮው ርዝመት 60 ሰከንድ ከሆነና ተማሪው 42ኛው ሰከንድ ላይ ቢጫን፣ የተገለበጠውን ከ18ኛው ሰከንድ እናስጀምራለን። ይህ ዘዴ በየትኛውም ብራውዘር ላይ ይሠራል፤ ድምፅም አለው። ጉዳቱ ሰርቨር ላይ እጥፍ ቦታ መያዙ ነው። የሚገለብጠው ማጣሪያም ሙሉውን ቪዲዮ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ከላይ ባየነው መጠን የ1 ደቂቃው ቪዲዮ ብቻውን ወደ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ ረጅሙን ቆራርጦ መገልበጥ ነው።

2. ቡድኑን ማሳጠር። ቪዲዮው ሲታመቅ በየ15 ምስሉ ቁልፍ ፍሬም እንዲኖር ብናዝ፣ ያ የሚንተባተበው ዘዴ እንኳ ለአንድ ምስል በአማካይ 8 ጊዜ ብቻ ይፈታል። ፋይሉ ግን ይተልቃል። ቀጣዩን ትዕዛዝ ከመስጠታችን በፊት ያለፈው ፍለጋ ማለቁን መጠበቅም አንርሳ።

3. ምስሎቹን ራስ ማስቀመጥ። ለ4 ሰከንድ ያህል አጭር ቪዲዮ፣ 640 በ360 በሆነ መጠን፣ 100 ምስል ወደ 92 ሚሊዮን ባይት ብቻ ነው። ለምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት፣ አንድ ቃል ጥቂት ሰከንድ ስለሚወስድ፣ ይሄ ይበቃል።

4. ዌብ ኮዴክስን መጠቀም። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2021 በ94ኛው ቅጂው ያወጣው ይህ መሣሪያ የብራውዘሩን የቪዲዮ ፈቺ በቀጥታ ለገጹ ሠሪ ይሰጣል። ከላይ ያየነውን ሦስተኛውን መንገድ ራሳችን መጻፍ የምንችለው በዚህ ነው። ሆኖም ፋይሉን ከፍቶ ጥቅሎቹን የመለየቱ ሥራ የእኛ ነው። የተፈቱ ምስሎችን ይዘን ካልለቀቅንለት ደግሞ ፈቺው ቆሞ ሊጠብቀን ይችላል። ስለዚህ ምስሉን ገልብጦ ወዲያው መልቀቅ ያስፈልጋል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ጥሩ ርዕስ ነው፤ ለአንድ ሳምንት የቤት ሥራ ግን አይመከርም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ ወደኋላ ማጫወት በመስፈርቱ ውስጥ አንድ የመቀነስ ምልክት ይመስላል፤ ከምልክቱ በስተጀርባ ግን ትልቅ ሂሳብ አለ። ቪዲዮን ትንሽ አድርገን መላክ የቻልነው ያለፈውን መልሶ የማየት ነጻነታችንን በመሸጥ ነው። ወደኋላ እንሂድ ስንል ያንን ዕዳ በሜሞሪ ወይም በሥራ እንመልሳለን።

ይህ ማለት ግን ብራውዘሮች ነገሩን እንደተወ ይተዉት ማለት አይደለም። የአንዱ ብራውዘር መቻል ሥራው የሚሞከር መሆኑን ያሳያል። ቡድናቸው አጭር የሆኑ ቪዲዮዎችን እንኳ ወደኋላ ቢያጫውቱ ለትምህርትና ለስፖርት የሚውለው አብዛኛው አጭር ቪዲዮ በተጠቀመ ነበር። እስከዚያው ድረስ ሸክሙ የሚወድቀው በገጽ ሠሪው ላይ ነው። እናም ይህንን ቁልፍ በፕሮጀክቱ ውስጥ ለማስገባት ያሰበ ተማሪ ኮድ ከመጻፉ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ቪዲዮው ስንት ሰከንድ ነው? በየስንት ምስሉ ቁልፍ ፍሬም አለው? ተጠቃሚው የሚከፍተውስ በየትኛው ስልክ ነው? መልሱን ከያዘ የሚመርጠው ዘዴ ራሱ ይነግረዋል።